ስም አውጪው ኤድዋርድ ሩፔልና የደጋዋ እስስት

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል ታናሽ ወንድሜና ጓደኞቹ ከአጥሩ ሥር ሆነው ሲንጫጩ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ከአጋሙ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት እስስት በዱላ አውርደው በድንጋይ ጨርሰዋታል። ምን አደረገቻችሁ ብዬ ብጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ እስስት መሆኗን ብቻ ነው። ወንጀሏ ስሟ ነበር ማለት ነው። ልቆጣቸው አሰብኩና ተውኩት፤ እኔም በእነሱ ዕድሜ ስንቷን እንደገደልኩ አውቃለሁና።

ወደ ኮሌጅ ከተመለስኩ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ላይብረሪ ገብቼ ስለ ኢትዮጵያ ገበሎ አስተኔዎች፣ ማለትም ስለ እባብ፣ ስለ እንሽላሊት፣ ስለ ኤሊና ስለ እስስት የተጻፈ መጽሐፍ ሳገላብጥ የደጋዋን እስስት አገኘኋት። ከሳይንሳዊ ስሟ አጠገብ የአንድ ሰው ስምና ዓመት ተጽፏል፤ ሩፔል፣ 1845። ጥቂት ገጾች ገልጬ ስለ አንድ እንሽላሊት ሳነብ እንደገና ሩፔል። ሌሎች መጻሕፍት አውጥቼ ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ዋልያ ሳይ አሁንም ያው ሩፔል። ለመሆኑ ይህ ሰው ማነው? ከአገራችን እንስሳት ስም ጀርባ ቆሞ ምን ይሠራል? ውድ አንባቢያን፣ ይህች ጽሑፍ የተወለደችው ከዚህ ጥያቄ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

የባለጸጋው ልጅ

ኤድዋርድ ሩፔል ኖቬምበር 20 ቀን 1794 በጀርመኗ የፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ በባንክ ሥራ የከበረ ባለጸጋ ስለነበር ልጁም የንግዱን መንገድ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ሰው ያሰበው ሁሉ አይሆንም። ሩፔል በ1817፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ ወደ ግብጽና ወደ ሲና በረሃ ተጓዘ። እዚያም ሁለት ሰዎችን ተዋወቀ። አንደኛው በግብጽ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሄንሪ ሶልት ሲሆን፣ ይህ ሰው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ አገራችን ሰሜናዊ ክፍል መጥቶ የተመለሰ ነበር። ሁለተኛው ስዊዘርላንዳዊው አሳሽ ሉድቪግ ቡርክሃርት ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር መገናኘቱ የወጣቱን ሐሳብ ገለበጠው። ከዚያ በኋላ ልቡ ከሒሳብ መዝገብ ይልቅ ወደ ተፈጥሮ ሄደ።

አንድ ነገር ግን ደስ አለኝ። ሩፔል ፍላጎት አለኝ ብሎ ብቻ ዘሎ መንገድ አልገባም፤ መጀመሪያ ተማረ። ወደ ጣሊያን ሄዶ በፓቪያና በጄኖዋ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የሚሰጠውን ትምህርት ተከታተለ። ከዋክብትን አይቶ የቆመበትን ቦታ በትክክል መለካትንም ተማረ። ይህ ሁለተኛው ችሎታ ኋላ ላይ በጣም ጠቅሞታል፤ ምክንያቱም አንድ እንስሳ ተገኘ ሲባል የት እንደተገኘ ካልታወቀ ግኝቱ ግማሽ ነው። እኛ ጋዜጠኞች ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ እያልን የምንማረውን እሱም በራሱ መንገድ ተምሮታል ማለት ይቻላል።

ሩፔል ሲና በሄደበት በዚያው በ1817 በትውልድ ከተማው የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ማኅበሩ ገና አዲስ ነውና ሙዚየሙን የሚሞላለት ሰው ይፈልጋል። ሩፔል ደግሞ ገንዘብም ጉጉትም ነበረው። ስለዚህ ከ1822 ጀምሮ ማይክል ሃይ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ረዥም ጉዞ አደረገ። ሲናን፣ የአቃባን ባሕረ ሰላጤ፣ ኑቢያንና ኮርዶፋንን እያካለለ ለዓመታት ቆየ፤ የሰበሰበውንም ወደ ፍራንክፈርት ላከ። ይህ ጉዞ ስሙን በአውሮፓ አስጠራው። የልቡ ግን አልደረሰም ነበር። ከሶልት አፍ የሰማት የተራሮች አገር ገና ቀርታዋለች።

ምጽዋ ላይ የተገኘው እንሽላሊት

ሩፔል በ1831 ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ምጽዋ ወረደ። አብሮት ቴዎዶር ኤርክል የሚባል ረዳት ነበር። የኤርክል ሥራ የእንስሳቱን ቆዳ ሳይበላሽ ገፍፎ፣ አድርቆና ሞልቶ ማቆየት ነው። ዕድሜውን ሳሰላው በጊዜው ሃያ ዓመት ገደማ ነበር፤ እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ታሪኩ ይበልጥ ቀረበኝ።

ወደ ደጋው ቶሎ መውጣት አልተቻለም። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የትግራዩ ገዢ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ጦርነት ተሸንፈው ተገድለዋል፤ አገሩ ገና አልረጋም። ስለዚህ ሩፔል ወራቱን በባሕሩ ዳርቻ አሳለፈ። ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የቀይ ባሕርን ዓሦች፣ የዳርቻውን ወፎችና እንሽላሊቶች ይሰበስብ ነበር።

ከእነዚህ መካከል በምጽዋ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሄድ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ አንድ እንሽላሊት ይገኝበታል። ሩፔል በ1835 በታተመ ሥራው ቢጫማ አረንጓዴ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም ሰጠው። ይህ የግድግዳ እንሽላሊት ዛሬ ከሕንድ አንስቶ በፓኪስታን፣ በኢራንና በዐረብ አገሮች ወደቦች ሁሉ የሚታወቅ ነው። ተመራማሪዎች ዋና አገሩ ወደ ደቡብ እስያ እንደሆነና በመርከብ ጭነት ውስጥ ተደብቆ ከወደብ ወደብ እንደተዛመተ ያምናሉ። ልብ በሉ! ሩፔል ምጽዋ ላይ አግኝቶ ለዓለም ያስተዋወቀው እንስሳ እሱ ራሱ መንገደኛ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም በመርከብ ከሩቅ መጥተው እዚያች ደሴት ላይ ተገናኙ። እንግዲህ ዛሬ መጤ ዝርያ የምንለው ነገር ያን ጊዜም ነበር፤ ስሙ ብቻ አልወጣለትም።

ስሜንና ጎንደር

በ1832 መንገዱ ተከፈተና ሩፔል ወደ ደጋው ወጣ። በዚያ ዘመን መንገደኛ ማለት በየኬላው ቀረጥ የሚጠየቅ፣ ሽፍታ የሚያሰጋው፣ በቅሎው ከሞተች የሚቆም ሰው ነው። ሩፔል ደግሞ ከስንቁ በላይ የሚከብድ ዕቃ ነበረው፤ የአየር ግፊትና ከፍታ መለኪያ መሣሪያዎች፣ ጠመንጃ፣ የእንስሳት ቆዳ ማድረቂያ፣ ገበሎ አስተኔና ዓሣ የሚነከርበት ጠርሙስ። ያን ሁሉ ተሸክሞ የስሜን ተራሮችን ወጣ።

ስሜን ላይ ያያቸው እንስሳት ስሙን ከመቃብር በላይ ያቆዩለት ናቸው። ገደል ለገደል የሚዘለውን ዋልያ፣ ደረቱ ቀይ የሆነውን ጭላዳ፣ በጓሳ ሣር ውስጥ አይጥ የሚያድነውን ቀይ ቀበሮ ለዓለም ሳይንስ አስመዘገበ። ዋልያንና ጭላዳን ሲሰይም የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም ወስዶ በላቲን ፊደል ጻፈው። እናም ዛሬ አንድ የጃፓን ወይም የብራዚል ተመራማሪ ዋልያ ሲል የስሜን ገበሬ ያወጣውን ስም እየጠራ ነው። ቀይ ቀበሮን ግን በስሜን ስም ጠራው፤ የመደበውም ከውሻና ከተኩላ ወገን ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ቀበሮ ነው ሲሉ ኖረዋል። በ1990ዎቹ የተደረገ የዘረመል ጥናት ግን እንስሳው ለተኩላ ዘመዱ መሆኑን አረጋገጠ። ሩፔል የቀበሮውን አጥንትና ቆዳ ብቻ አይቶ የያዘው መንገድ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ከስሜን ወደ ጎንደር ወረደ። በጎንደር ከሊቃውንቱ ጋር ተወዳጅቶ የብራና መጻሕፍትን ሰበሰበ። ወደ ጣናም ወርዶ ዓሣ መረመረ፤ ከጣና ዓሦች መካከል በርካቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጻቸው እሱ ነው። በ1833 ወደ ምጽዋ ተመልሶ መርከብ ተሳፈረ። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና አርባ አልሞላም፤ ከዚያ በኋላ ግን ኢትዮጵያን ዳግመኛ አላያትም።

ስም ማውጣት ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ስም ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ብናይ ጥሩ ነው። በሳይንስ አንድ እንስሳ ስም የሚወጣለት ሰው ስላየው ብቻ አይደለም። የስሜን ገበሬ ዋልያን ከሩፔል በፊት ለዘመናት አይቶታል፤ ያውቀዋልም። ሳይንሳዊ ስም እንዲጸና ግን አንድ ናሙና በሙዚየም መቀመጥ አለበት፤ የተገኘበት ቦታ መመዝገብ አለበት፤ መልኩና አካሉ ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር ተነጻጽሮ መታተም አለበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ያንን ናሙና እያየ ይሄ ያ ነው፣ ያ አይደለም ብሎ ይፈርዳል። ልክ የአንድ ከተማ የመሬት መዝገብ እንደማለት ነው። መዝገብ ከሌለ ማን ባለይዞታ ማን ሰፋሪ እንደሆነ አይለይም።

ሩፔል ፍራንክፈርት ከገባ በኋላ ይህንኑ መዝገብ ሲጽፍ ኖረ። ስለ ኢትዮጵያ አጥንት ያላቸው እንስሳት የጻፈው ሥራ ከ1835 እስከ 1840 ባለው ጊዜ በክፍል በክፍል ታተመ። የጉዞ መጽሐፉም ከ1838 እስከ 1840 ባለው ጊዜ በሁለት ጥራዝ ወጣ። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1845 ደግሞ የደጋዋን እስስት አስመዘገበ።

የሰጣት ስም የሚገርም ነው። ከሌላ የእስስት ዝርያ ጋር ስለምትመሳሰል አፊኒስ አላት፤ በላቲን ተዛማጅ፣ ዘመድ እንደማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ቃሉን የሚያጥፍ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ሰው እስስት ይባላል። በሳይንሱ መዝገብ ግን ይህቺው እንስሳ ዘመድ ተብላ ተጽፋለች።

ሩፔል ያልደረሰበት ደጋ

ሩፔል ወደ ወሎ አልመጣም። መንገዱ ከምጽዋ ተነስቶ በስሜን በኩል ጎንደርና ጣና ላይ ያበቃል። ዓባይንና በሽሎን ተሻግሮ ቦረናን፣ ሳይንትን፣ መቅደላን አላየም። ቢሆንም ስም ያወጣላቸው እንስሳት እኛ ዘንድ አሉ። ከመካነ ሰላም ወጣ ሲሉ በሚገኘው በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ማለትም ሰዉ ደንቆሮ ጫካ እያለ በሚጠራው ደን አካባቢ ቀይ ቀበሮ አለ፤ ጭላዳም አለ። በልጅነቴ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የምትሰፍረው አንገተ ነጭ እርግብ፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው የደጋ ቁራ፣ ጠዋት ጠዋት እየጮኸ በመስኩ ላይ የሚያርፈው ባለ ጉንጭ ጌጡ ጋጋኖ መሰል ወፍ፣ ሁሉም ከስማቸው አጠገብ የሩፔልን ስም ይዘዋል። በሰፈሬ ያደግኩት እሱ በጻፈው ዝርዝር መሃል ነው፤ ሳላውቀው።

ስለ ፓርኩ ሲወራ የሚነሱት ያው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ናቸው። ፖስተር ላይ እስስት ወጥታ አይቼ አላውቅም። እባብማ ጭራሽ አይነሳም። በኢትዮጵያ ግን ከ200 በላይ የገበሎ አስተኔ ዝርያዎች ይገኛሉ። እነዚህ እንስሳት በየአጥሩና በየማሳው ነፍሳትንና አይጥን እየበሉ የሚሠሩት ሥራ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ነው። የደጋዋ እስስት ደግሞ የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ልጅ ናት። ከዚህ ከጠፋች ሌላ አህጉር ሄደን አናገኛትም።

ባለአገርና መጤ

ሩፔል ዛሬ ተነስቶ ቢመጣ ብዙ ነገር ግራ ያጋባው ነበር። በመጀመሪያ ባሕር ዛፍን ያያል። በእሱ ጊዜ አንድም አልነበረም፤ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ አጋማሽ ገደማ ከአውስትራሊያ የመጣ ዘር ሆኖ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። እውነቱን ለመናገር ባሕር ዛፍ ለመካነ ሰላም ሰው ባለውለታ ነው። የእናቴ ማገዶ፣ የቤታችን ማገርና ወራጅ፣ የእኔም የትምህርት ቤት ወጪ ከእሱ የወጣ ነው። ነገር ግን አጋሙ፣ ቀጋውና ክትክታው ተመንጥሮ አጥሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሲሆን እስስት የምትደበቅበት ቁጥቋጦ የለም። ከሥሩ ሣሩና ቁጥቋጦው ስለሚሳሳ የምታድነውም ነፍሳት ይቀንሳል። ማንም ሊገድላት ሳያስብ ቤቷ ተወሰደ ማለት ነው።

ጣና ላይ ደግሞ እምቦጭን ያያል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ ከታወቀ ጀምሮ ሩፔል የገለጻቸው ዓሦች የሚራቡበትን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ሲሸፍን ቆይቷል። በወሎ ቆላማ ማሳዎች ላይም ቅንጭ አረም የሚባለው አለ። እሱም የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ነው፤ ከብቱ አይበላውም፣ ሰብሉን ያንቃል።

ሦስተኛውና የማያጠራጥረው አደጋ ግን ከጓሯችን ይነሳል። ውሻ ነው። ውሻ ከሰው ጋር የመጣ እንስሳ እንጂ የውርጭ ተራራ ተወላጅ አይደለም። ከእረኛው ጋር ወደ ጓሳው ሲወጣ የእብድ ውሻ በሽታን ለቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። በባሌ ተራሮች በ1991፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 የተነሳው ይህ በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል። ዛሬ በመላው ዓለም ያለው ለአቅመ መራባት የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፤ ያም ሁሉ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከጮቄና ከጉና ተራሮች ጨርሶ ጠፍቷል። በ2018 በባሌ በአፍ የሚወሰድ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀመረ። እንደ እኛ ደጋ ጥቂት ቀበሮ ብቻ የቀረበት ቦታ ግን አንድ ክፉ ዓመት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ መጤን ሁሉ ጠላት፣ ባለአገሩን ሁሉ ቅዱስ ያደረግኩ እንዳይመስልባችሁ። ነገሩን ገልብጠን እንየው። ያ የሃያ ዓመቱ ረዳት ኤርክል ትዝ ይላችኋል? ሩፔል በስሙ አንድ የደጋ ቆቅ ሰይሞለታል። ይህ ቆቅ እኛ ዘንድ ባለአገር ነው። በ1957 ግን ለአደን ተብሎ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተወስዶ ተለቀቀ፤ እዚያ ተራባ፣ እዚያ መጤ ሆነ። የእስስት ነገር ደግሞ ይብሳል። በ1972 ከኬንያ ለቤት መጫወቻነት ወደ ሃዋይ የተላኩ ባለ ሦስት ቀንድ እስስቶች ከአንድ ግቢ አምልጠው ዱር ገቡ። እነዚህ እስስቶች የእኛዋ የደጋ እስስት የቅርብ ዘመዶች ናቸው። በኬንያ ማንንም አይጎዱም፤ በሃዋይ ግን በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ነፍሳትንና የዛፍ ቀንድ አውጣዎችን እየበሉ ጥበቃ ሠራተኞቹን አስጨንቀዋል።

ታዲያ ጥፋተኛዋ እስስት ናት? አይደለችም። መርከብ ያሳፈራት፣ በሣጥን የላካት ሰው ነው። አንድ እንስሳ ባለአገር ወይም ወራሪ የሚሆነው በባሕርዩ ሳይሆን በቦታው ነው። ይህን የምናውቀው ደግሞ ማን የት እንደነበረ የጻፈ ሰው ስላለ ብቻ ነው። የሩፔል ሕይወት ትልቁ ፍሬ ለእኔ ይህ ነው። በጣና እምቦጭ አልነበረም፣ በስሜን ቀይ ቀበሮ ነበረ ብለን በእርግጠኝነት እንድንናገር መነሻ መስመር ካሰመሩልን አንዱ ሆነ።

የማይካደው ጎን

ሰውዬውን ግን መልአክ አላደርገውም። ሩፔል ያወቀውን ለማወቅ ገድሏል። ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ የሆነው እሱ ከአገራችን ከወጣ በኋላ በ1839 ስለነበር በእሱ ዘመን ማስረጃ ማለት ቆዳና አጥንት ነው። ቢሆንም ዛሬ ሕግ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ያስከስሰው ነበር። የብራና መጻሕፍቱም ቢሆኑ ወደ ፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ሄደው እዚያው ቀሩ። እኛ ተማሪዎች መጀመሪያ የተመዘገበውን የዋልያ ናሙና ወይም እነዚያን ብራናዎች ለማየት ቪዛ መጠየቅ አለብን። ዱካ ያሳዩት አዳኞች፣ ጭነቱን የተሸከሙት፣ ይህ ዋልያ ነው ብለው የነገሩት ገበሬዎች ስማቸው ከአንድም እንስሳ አጠገብ የለም። ስም አውጪው ስም ሲያወጣ የነጋሪዎቹን ስም አላወጣም። ይህ ለጋዜጠኛም ትምህርት ነው፤ የነገረህን ሰው አትርሳ።

ሩፔል ከጉዞ መልስ የቀረውን ረዥም ዕድሜ ባብዛኛው በፍራንክፈርት በጽሑፍና ጥንታዊ ሳንቲሞችን በማጥናት አሳለፈ። የወረሰውን ሀብት ለጉዞና ለሙዚየም ያዋለ ሰው ነበር። ዲሴምበር 10 ቀን 1884፣ 90 ዓመት ካለፈው ከጥቂት ቀናት በኋላ በተወለደባት ከተማ አረፈ። ስሙን ከያዙት እንስሳት አንዱ የሩፔል ጥንብ አንሳ ነው። ይህ አሞራ በ1973 በኮትዲቯር ሰማይ ላይ ከ11,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ የተመዘገበ፣ በከፍታ የሚወዳደረው ወፍ የሌለ ነው። እሱም ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ስም ማግኘት ብቻውን ከመጥፋት አያድንም ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ሩፔል ምዕራብ ወሎን አላያትም ብያለሁ። እንግዲህ የቀረውን መዝገብ የሚጽፈው ማነው? ዛሬ ጠመንጃም ጠርሙስም አያስፈልግም። በእጃችን ያለው ሞባይል ፎቶውንም፣ ቦታውንም፣ ቀኑንም በአንድ ጊዜ ይይዛል። ሩፔል በበቅሎ ተሸክሞ የዞረውን ሥራ እኛ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። የባዮሎጂ ተማሪዎች ዝርያውን ይለዩ፤ እኛ ጋዜጠኞች ደግሞ የገበሬውን እውቀት ከነስሙ እንጻፍ። በአጥራችን ላይ ምን አለ፣ ከባሕር ዛፉ በፊት ምን ነበር ብለን አያቶቻችንን እንጠይቅ። እነሱ ካለፉ በኋላ የሚነግረን የለም።

በገና ሰሞን ቤት ስደውል ታናሽ ወንድሜን አስጠራሁትና ስለ ሩፔል አወራሁት፤ ስለ መርከቡ፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ሃያ ዓመቱ ልጅ። የእስስቷ የመዝገብ ስም ዘመድ ማለት እንደሆነም ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከሳምንት በኋላ በአባቴ ስልክ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ከባሕር ዛፉ አጥር ጥግ በቀረችው አጋም ላይ አንዲት አረንጓዴ እስስት አንድ ዓይኗን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አድርጋ ተቀምጣለች። በሕይወት አለች። ቀኑን አልጻፈልኝም ነበርና መልሼ ደውዬ ቀኑን ጠየቅሁት፤ መዘገብኩትም።

ቸር ይግጠመን።